የግራው ፓራፋንጎ

የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው። ስስ ስላችሁ እንደ ሌላው ሰው ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ታላቅ ወንድሜ በወዲያኛው ክፍል ሲያዛጋ በወዲህኛው የእኔ ዓይን እንባ ያቀርራል። በዚያ ጠዋት ግን አላዛጋም፤ ስልክ ያወራ ነበር። «አዎ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ኑ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጎተቻ ይዛችሁ ኑ፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ... አይ፣ አልነገርኳትም። ብትሰማስ ምን ታደርጋለች? ... በኪሎ ነው የምትወስዱት አይደል? ይሁን።» ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ስለ እኔ ጠየቀው መሰለኝ፣ «እሱ ምንም አይልም፣ እሱ ወሬ ብቻ ነው» ብሎ ዘጋው። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ጫማውን ሲያጠልቅ ሰማሁ። ሁለተኛውን ጫማ ከማጥለቁ በፊት ብዙ እንደቆየም ሰማሁ።

ወሬ ብቻ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ‹ሲካፈል› ይለኛል። ስሙን ያወጣልኝ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው፤ «ይሄ ሰውዬ የሚነግራችሁን ሁሉ ለአስር አካፍላችሁ ስሙት» ብሎ። አልተከፋሁበትም። ለአስር ተካፍሎም የሚተርፍ ነገር ያለው ሰው ስንት አለ? እንደ ቁራጭ ብረት በኪሎ ሊሸጥ የተባለው ደግሞ የአባታችን ጂፕ ነው። ሦስታችንም እኩል ወርሰነዋል፤ ከወረስነው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ እኔ ስናገር ሃያ ዓመት እለዋለሁ። ታላቄ ይሸጥ አለ፣ ታናሽ እህታችን አይሸጥም ብላ ቁልፉን ደበቀች፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ አንድ ግቢ እየኖሩ፣ አንድ ቧንቧ እየቀዱ ቃል አልተለዋወጡም። የሚሉትን የማመላልሰው እኔ ነኝ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ «ንገራት» ይለኛል፣ እሷ ሦስት እርምጃ ርቃ ልብስ እያሰጣች «ንገረው» ትለኛለች። በዓለም ላይ እንደ እኔ የሠራ አምባሳደር የለም። ነገሩ ተካርሮ እስከ ኪሎ ለምን እንደደረሰም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱን ግን ለጊዜው ተዉት፣ ጠዋት ነው፣ ገና ቁርስም አልበላሁም።

ሱሪዬን አጥልቄ ወጣሁ። ግቢያችን ማለት በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ሦስት ክፍሎች ናቸው፤ የእኔ፣ መሃል የታላቄ፣ ዳር የእህቴ። ፊት ለፊት የልብስ ገመድ፣ ጥግ ላይ ቧንቧ፣ በአጥሩ ሥር ታላቄ በጠርሙስ ቂጥ የከበባቸው አራት የአበባ መደቦች። ከቧንቧው ሥር አረንጓዴ የውኃ ጎማው ተጠቅልሎ ተኝቷል። ያን ጎማ ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም፤ ሲጠቀልለው ሕፃን የሚያስተኛ ነው የሚመስለው። ጂፑ በቆርቆሮው ዳስ ሥር ነው። ከሥሩ ሁለት የሴት እግሮች ብቻ ይታያሉ።

«የመኪናው ጎማ ገባ?» አልኳቸው እግሮቹን።

«ገባ። ግን መሪውን ስጠመዝዘው ላሜራውን ይበላል» አለች ከሥር። «በሁለቱም በኩል።»

እህቴ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት ሚኒባስ ስትነዳ ኖራ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እሷም አብራ ተዘጋች። ስምንት ወር ቤት ተቀመጠች። አሁን የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች መንገድ በሌለበት አገር ሠራተኛ የሚያመላልስ መኪና ከነሾፌሩ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማችና ሄደች። ኃላፊያቸው ጎማው ከፍ ያለ ይሁን አላት። ፍሪጅዋን ሸጣ አራት ያገለገሉ ረጃጅም ጎማዎች ገዛች። ጎማዎቹ ደግሞ በጣም ከመርዘማቸው የተነሳ ፓራፋንጎውን፣ ያን ጎማውን እንደ ጃንጥላ ከላይ የሚሸፍነውን ላሜራ፣ መፋቅ ጀመሩ። ኃላፊው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ያያል። ጎማው ላሜራ ከነካ ወይም ሰው የሚቆርጥ ጠርዝ ካገኘ ጉዳዩ አበቃ፤ ከኋላዋ ሌላ መኪና ተሰልፏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሺ ካላት ነገ በጠዋት ትወጣለች። እምቢ ካላት አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጎተቻው ይመጣል። የመጎተቻውን ነገር የማውቀው እኔ ነኝ፣ እሷ አታውቅም፤ አልነገርኳትምም። ሐሳቧ ከሥራው እንዲወጣ አልፈለግሁም። በሕይወቴ ሰምቼ ሳላወራ ያሳለፍኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«ባትላሜራው ላሜራውን ለመቁረጥ አምስት ሺህ ጠየቀኝ» አለች። «ደግሞ ለነገ ነው የማደርስልሽ አለ።»

«ለሁለት ላሜራ አምስት ሺህ? እኔ እያለሁ? አርባ መኪና ቆርጫለሁ በዚህ እጄ!»

ተንፏቃ ወጣች። ጉንጯ ላይ ግራሶ አለ፣ ከዓይኗ ሥር ደግሞ ከግራሶውም የጠቆረ የእንቅልፍ ዕዳ። «አራት» አለች።

«እሺ፣ አራት።»

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ አባታችን አንድ ጊዜ የሰው መኪና ሲቆርጥ ባትሪ ይዤ አብርቼለታለሁ። ያም ቢሆን ባትሪው መሃል ላይ አልቆ ነበር።

የብረት መቁረጫ ግራይንደር ከበር ሠሪው ተዋስኩ። መታወቂያዬን መያዣ ወሰደና፣ ፎቶዬን አይቶ «ይሄ ሰው ቀጭን ነበር» ብሎ አሾፈብኝ። መቁረጫ ዲስክ ሁለት፣ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ሁለት ብርጭቆ ወረቀት፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር አንድ ጥቅል ገዛሁ፤ ሁሉም ተደምሮ የሁለት ሰው የሻይ ቤት ምሳ አይሆንም። ባትላሜራው ይሄን ቢያውቅ በዚያው ቀን ሱቁን ዘግቶ ይመንን ነበር። ቀሪውን ዕቃ ግቢው ራሱ ሰጠን። የቅርጽ ማውጫ ካርቶን ያስፈልግ ነበር፤ እህቴ ገባችና ከቁም ሳጥኗ አናት ላይ የፍሪጅዋን ካርቶን አውርዳ መጣች። ፍሪጁ ከሄደ ወር ሆኖታል፣ ካርቶኑን ግን ለምን እንዳስቀመጠችው እሷም አታውቅም። ጎኑ ላይ «ተጠንቀቅ፣ ይሰበራል» ይላል። በመቀስ በጽሑፉ መሃል ቆረጠችው።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ነገ ተነስታችሁ ባትላሜራ ትሆናላችሁ። መሪው እስከ መጨረሻው ይጠመዘዛል፣ ጎማው ላሜራውን የሚቀርብበት ቦታ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፣ ከዚያ በላይ ሁለት ጣት ያህል ተጨምሮ ካርቶኑ ላይ ቅስት ይወጣል። ካርቶኑ ላሜራው ላይ ይለጠፍና በዳሩ የወረቀት ፕላስተር ይሄዳል፣ የሚቆረጠው ከፕላስተሩ ሥር ነው፤ ቀለሙ እንዳይላጥ። ግራይንደሩን ስለኩሰው ጩኸቱ በሦስት ሰፈር ያሉ ዶሮዎችን ያለ ቀናቸው እንቁላል አስጣለ። ፍንጣሪው ሸሚዜን በሺህ ቦታ በሳው። እሺ፣ በመቶ። ላሜራው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ከዚያ ሞረድ፣ ከሞረድ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ቀለም፤ የተቆረጠ ብረት ራቁቱን ካደረ ዝገት ከዳር ጀምሮ ይበላዋል። ዝርዝሩ በአፍ ቀላል ነው። ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ አንድ ሰዓት ስሞርድ ግን ወገቤ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ግማሽ ወደ ቤት ገብቶ ተኛ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ መቶ ሞልቶታል። ይሄንን አታካፍሉት።

የጠርዙን ነገር ያሰብኩት እኔ ነኝ። እህቴ አሮጌ ካላማዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቀደን እናልብሰው አለች። እኔ ግን ዓይኔ ቧንቧው ሥር ከተኛው አረንጓዴ ጎማ ላይ አረፈ። ታላቄ ሥራ ሄዷል፣ መዝገብ ቤት ፋይል ሲደረድር ነው የሚውለው። የዳቦ ቢላዋ አመጣሁና ከጫፉ ሦስት ሜትር ወሰድኩ። «ጉድ ነው የምትሠራው» አለች እህቴ፣ ግን አልከለከለችኝም፤ ደክሟት ነበር፣ የደከመው ሰው ደግሞ ክፋትን ለመከልከል የሚሆን ትርፍ ጉልበት የለውም። በርዝመቱ በምላጭ ሰነጠቅነው፣ ከማንቆርቆሪያዋ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረን አለሰለስነው፣ ስንጥቁን ከፍተን የቀኙን ጠርዝ አስነከስነው። በየአንድ ስንዝሩ በሽቦ አሰርነው። ቆማ አየችው። ጣቷን ከዳር እስከ ዳር ሰደደችበት፣ አንድም ቦታ አልያዛትም።

«አይቆርጥም» አለች።

«በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ጠርዝ ያለው መኪና የለም» አልኳት። እንዲህ ያለ አረንጓዴ ጠርዝ ያለው መኪናማ በእርግጥም አልነበረም።

ለግራው ጊዜ አላባከንኩም። ካርቶኑን ገለበጥኩ፣ ለጠፍኩ፣ ቆረጥኩ። «አትለካውም?» አለችኝ ሜትሩን ይዛ። «ዓይኔ ሜትር ነው፣ ቀኝና ግራ ምን ልዩነት አለው?» አልኳት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም ጎን አረንጓዴ ለብሶ ቆመ። ሻይ አፈላች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ግድግዳውን ተደግፈን ቁጭ ስንል የግቢው በር ተከፈተና ታላቄ ገባ። በአርብ ቀን ለግማሽ ቀን ነው የሚሠራው።

ታላቄ ትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ስል የዕድሜውን አይደለም፤ ሲራመድ በቧንቧው ባልዲ ውስጥ ያለው ውኃ ይናወጣል። የአባታችንን ቁመናና የአባታችንን ክብደት የወረሰው እሱ ብቻ ነው፣ ለእኔ የደረሰኝ ምላሱ ነው፤ አባታችን ደግሞ ዝምተኛ ነበር፣ ስለዚህ ከየት እንዳመጣሁት አይታወቅም። ቆሞ መኪናውን አየ። ወለሉ ላይ የተበተነውን ላሜራ አየ። ጉንጯ የጠቆረውን እህቱን አየና ፊቱን ቶሎ አዞረ፣ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አዟዟር።

«ንገራት» አለኝ፣ «ድምፁ ጎረቤት ረበሸ ብለው ነግረውኛል በላት።»

«ንገረው» አለች እህቴ ብርጭቆዋን እያየች፣ «አልቋል በለው።»

ሁለቱም መልእክቱን እንዳደርስ ያዩኝ ጀመር፤ እኔም እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩ፣ ግን የምጨምርበት ነገር አልመጣልኝም። «ድምፁ ረብሿል ይላል። አልቋል ትላለች» አልኩ። ታላቄ ግራ ገብቶት አየኝ፣ ታምሜያለሁ ብሎ ሳይጠረጥር አልቀረም። አንድ ቁራሽ ዳቦ አነሳ፣ ግማሹን በላ፣ ግማሹን ሳህኑ ላይ መልሶ ክፍሉ ገባና ዘጋ። ዝንብ ሻዩ ላይ ስትዞር ድምጿ ይሰማ ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሞከርነው። ሁለት ብሎኬት ደርድረን ፊተኛውን ጎማ ላዩ ላይ አወጣነው፤ ድንጋይ ሲወጣ እንደሚሆነው። ቀኙ እንደ ቅቤ ዞረ። ደረቴን ነፋሁ። ብሎኬቶቹን ወደ ግራው ጎማ አዞርንና እህቴ መሪውን ያዘች። መሪውን ስትጠመዝዘው አንድ እዚህ ግባ የማይባል ጭረት ተሰማ፣ ቀጥሎ የአሳማ ጩኸት የመሰለ ነገር፤ ጎማው አረንጓዴውን ጠርዝ ነክሶ፣ ከነሽቦው ነቅሎ፣ እግሬ ሥር ተፋው። ሞተሩን አጠፋች። ወርዳም አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከመኪናው ፊት ራቅ ብላ ቆማ አንገቷን አጋድላ አየችው፣ ከዚያ ተንበረከከችና ከሥር አየች።

«ና እይ» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። የግራው ባሌስትራ፣ ያ እንደ ምላስ ተደራርቦ መኪናውን የሚሸከመው ብረት፣ ጀርባው ተጠፍጥፎ ተኝቷል። የቀኙ ገና ቀስት ነው። መኪናው ወደ ሾፌሩ ወገን በሁለት ጣት ያጋድላል። በዚህ ግቢ ስንት ዓመት ሲገባና ሲወጣ ሦስታችንም አላየነውም።

«አባዬ ነው» አለች።

ሠላሳ ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መቶ አስር ኪሎ ነበር፤ ይሄ የሐኪም ሚዛን ነው፣ የእኔ አይደለም። ሰውዬው ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ክብደቱ ግን እዚያው ተቀምጦ ቀርቷል። እኔ የቀኙን ልክ ለግራው ሰጠሁት፤ ብለካው ኖሮ ባገኘሁት ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። «ስንት ላሜራ ቀረን?» አለች። አሁን ሜትሩን ተቀበልኳት። ከቆረጥኩበት ጠርዝ እስከ ድርቡ መበየጃ፣ ላሜራው ከውስጠኛው ላሜራ ጋር እስከ ተበየደበት መስመር፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር። ያን መበየጃ ካለፍኩ ላሜራው እንደ መጽሐፍ ለሁለት ይከፈታል፣ ከዚያ ወዲያ ባትላሜራውም አያድነውም። ስለዚህ ጎማው ከባድ ጭነት ሲጫነው በትክክል እስከ የት እንደሚወጣ ማወቅ ነበረብን። በግምት አይሆንም። በሾፌሩ ወንበር ላይ አባቴን የሚያህል ነገር መቀመጥ ነበረበት።

እህቴ አንድ እርጥብ ዕንጨት ያህል አትመዝንም። እኔ ከጎማው ሥር በጠመኔ መስመር የማወጣ ነኝ። በግቢው ውስጥ ያን ያህል የሚመዝን አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ሰዓቱ ስምንት ሊሆን ነው።

አንኳኩቼ ገባሁ። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከጣሪያው ላይ ቡናማ የዝናብ እድፍ ወርዶ የግድግዳውን ግማሽ ይዞታል፣ ከሥሩ ባልዲ አለ፤ ባለፈው ዝናብ ያጠራቀመው ውኃ ገና አልተደፋም። የጂፑ ገንዘብ ለዚያ ጣሪያ እንደሆነ አውቃለሁ። ጣሪያው የሦስታችንም ነው፣ የሚያፈሰው ግን በእሱ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ መኪናው ውስጥ ትቀመጥልኛለህ?»

«ምን?»

«ክብደት ያስፈልገናል።»

«እሷ ናት የላከችህ?»

እዚህ ጋ የሚገባውን ውሸት ታውቁታላችሁ። እግርህ ሥር ወድቃ አለቀሰች ማለት እችል ነበር፣ አፌ ጫፍ ላይ ነበር። «አልላከችኝም» አልኩት። «ስልክ ስታወራም ሰምቼሃለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም።» አቀረቀረ። ከዚያ፣ አንዴ ከተከፈተ በኋላ አፌ እንደማይዘጋ ታውቃላችሁ፣ ቀጠልኩ። «ባለፈው ወር አንተ ሥራ ውለህ ስትመጣ ‹ሞቼ ነው ቁልፉን የሚያገኘው፣ በሬሳዬ ላይ ይለፍ› ብላሃለች ያልኩህን ታስታውሳለህ? እንደዚያ አላለችም።»

«ምን ነበር ያለችው?»

«‹ስድስት ወር ይታገሰኝ፣ ራሴ እንዳልነግረው አፍራለሁ› ነው ያለችው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። አጭር ሆነብኝ። ጣዕም የለውም ብዬ...»

«እኔ ያልኩትንስ ምን ብለህ ነገርካት?»

«አንተ ‹ጣሪያው ያፈሳል፣ ምን ላድርግ› ነው ያልከው። እኔ እሷ ከውጭ ስትመለስ ‹ከብረቷ ጋር አብራ ትሸጥ› ብሎሻል አልኳት። የቀረውንም ሁሉ እንዲሁ ነው ያመላለስኩት።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ግድግዳውን ጥሼ የእኔ ክፍል ነበር የምገኘው። እሱ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ባልዲውን አየ። «ሁለት ዓመት» አለ፣ ለእኔም አልነበረም። «ለአስር ስታካፍለው እኮ...» ስል «ዝም በል» አለኝ። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ አልጋው ተነፈሰ።

በሾፌሩ በር ሲገባ ጂፑ እንደሚያውቀው እንስሳ ዝቅ አለለት። የፊቱ ክብደት እንዲሟላ እህቴ ከጎኑ ገባች። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ፣ ሁለቱም መስታወቱን ቀጥ ብለው እያዩ። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ከጎማው ሥር ተጋደምኩ።

«ወደ ግራ ጠምዝዘው» አለች እህቴ።

መሪው አልተንቀሳቀሰም። «ምን አለች?» ብሎ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ እኔን ጠየቀኝ፣ በልማድ። ጠመኔውን ጥርሴ መሃል አደረግሁት። መልእክተኛው ከመኪና ሥር ነው፣ አፉም ተይዟል። አንድ መኪና በመንገዱ አለፈ።

«ወደ ግራ፣ ጋሼ» አለች። «እስከ መጨረሻው።»

ጠመዘዘ። ጎማው ወጣ፣ ላሜራውን ነካ፣ ምልክት አደረግሁ። ሜትር አስጠጋሁ፣ ሁለተኛ ለካሁ፣ ሦስተኛ ለካሁ። 

«ይሄ ወንበር ይቆረቁራል» አለ ታላቄ።

«ሽቦው ወጥቷል። አባዬ ትራስ ያደርግበት ነበር።»

«ትራሱ የት ገባ?»

«እኔ ጋ ነው» አለች። «እተኛበታለሁ።»

እኔም ለክቼ ከጨረስኩ በኋላ ትንሽ ተጋድሜ ቆየሁ፤ ወገቤን ብዬ ነው።

መስመሩ ከመበየጃው በአንድ ሳንቲ ሜትር ሥር አለፈ። ቆረጥኩ። እንደ ጠዋቱ አልፎከርኩም፣ ዶሮ የጣለችው እንቁላልም አልነበረም። ሞረድኩ፣ ቀባሁ። ታላቄ ፊቱን ሊታጠብ ገባ ሲል ከውኃ ጎማው ሌላ ሜትር ተኩል ወስጄ ጠርዙን አለበስኩ። ቀለሙ ከመድረቁ በፊት ከበሩ ውጪ ክላክስ ተሰማ።

የቁፋሮው ኃላፊ ቀጭን፣ ጫማው ድረስ አቧራ የጠጣ ሰው ነው። ድካሙ ከእኛ ይበልጥ ነበር፣ ይሄም ቀላል አይደለም። ሰላምታ እንኳ በግማሽ ድምፅ ነው የሰጠን። ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ መዳፉን በቀኙ ጠርዝ ላይ ሳበ፣ በግራው ላይ ሳበ፤ ጥቁር ቀለም መዳፉ ላይ ቀረ። ሱሪው ላይ ጠረገው። «ግራውና ቀኙ ለምን ተለያየ?» አለ።

«መኪናው በግራ ያጋድላል» አለች እህቴ። «እንደ ክብደቱ ነው የቆረጥነው።»

«ሙሉ ጭነት ይዞ ስንት ክፍተት አለው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ ስለነበር።

ዝሆን ያሾልካል የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። «በቀኙ አምስት ሳንቲ ሜትር» አልኩ፣ «በግራው ሁለት።»

እህቴ ከጎን አየችኝ። «ሳይካፈል?» አለች በሹክሹክታ።

«ሳይካፈል።»

ሰውዬው ከጎኗ ገባና ወጡ። በመንገዱ ጫፍ የውኃ መፍሰሻ ቦይ አለ፣ እዚያ ነው የሚፈትናት። በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። ከኋላዬ ታላቄ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል፤ እንደ እኔ እንደሚያዳምጥ ከአተነፋፈሱ አወቅሁ። ጂፑ ቦዩ ውስጥ ሲወድቅ የሽቦ ወንበሩ ድምፅ ተሰማ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ተንኳኳ፣ ከቦዩ ሲወጣ ሞተሩ አገሳ። ጭረት ግን አልነበረም። ተመልሳ መጥታ ደግማ ወደቀችበት። አሁንም የለም።

«ነገ አስራ ሁለት ሰዓት» አለ ሰውዬው ሲወርድ። «ለሦስት ወር ሞክረን እናያለን።» ይሄንን በማግስቱ ለጎሚስታው ሦስት ዓመት ብዬ ነው የነገርኩት፤ በዚያን ቀን ግን ሦስት ወርም ብዙ ነበር። እህቴ መሪውን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ቀረች፣ ግንባሯን እጇ ላይ ደፍታ። አላለቀሰችም፣ ተኝታም አልነበረም። ዝም ብላ አረፈች።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጎተቻው መጣ። ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ታላቄ ቀድሞኝ ወጣና በሩን ከኋላው ገጠመው። ብዙ አልሰማሁም፤ «ለነዳጁ» የሚል፣ «ሰውን እያመላለሱ» የሚል፣ ከዚያ እናትን የሚነካ አንድ ስድብ፣ ከዚያ ሞተር። ሲመለስ እህቴ ከቧንቧው እጇን እየታጠበች ቀና አለች።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

እኔን አየኝ። እኔ ሰማይ አየሁ፤ እንዲህ ያለ ሰማይ በመቶ ዓመት አንዴ ነው የሚታየው።

«አድራሻ ተሳስተው ነው» አለ።

ከዚያ እንደ ሁልጊዜው አበባ ሊያጠጣ የውኃ ጎማውን አነሳ። የመጀመሪያውን መደብ አጠጣ፣ ሁለተኛውን አጠጣ፣ ሦስተኛው ጋ ጎማው ተወጠረ። ሳበው። እንደገና ሳበው። ጫፉን ወደ ዓይኑ አቅርቦ የዳቦ ቢላዋ የበላውን ቁርጥ አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ ጂፑ አዞረ። አረንጓዴው ጠርዝ በማታዋ ፀሐይ ላይ ያበራል። አይጥ ነው ልል ተዘጋጅቼ ነበር፣ በግ የምታህል አይጥ፤ ማስረጃም አዘጋጅቼላት ነበር። እሱ ግን አልጠየቀኝም። ጎማውን ጠቅልሎ አስቀመጠ፤ ጥቅሉ አነሰ። ጣሳ አነሳ፣ ከቧንቧው ቀዳና እየተመላለሰ የቀሩትን ሁለት መደቦች አጠጣ፣ በዚያ ከባድ አካሄዱ፣ በእያንዳንዱ ዙር እየተነፈሰ። አራተኛው ጣሳ ላይ መሃል ግቢ ቆመ።

«ንገራት» አለኝ።

በልማድ ተነሳሁ። ጣሳው በእጁ እንዳለ ትንሽ አሰበ።

«ተወው» አለ። «እኔው እነግራታለሁ።»

ወደ ዳሩ ክፍል ሄደና በሩን አንኳኳ፤ ከፈተችለት፣ ገባ። እኔ ከክፍሌ ገብቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። በመሃል የእሱ ባዶ ክፍል አለ፤ ሁለት ግድግዳ ነው። ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ቃላቸው አይሰማኝም። አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ፣ ደግሞ እሷ። ስለዚህ ምን እንደተባባሉ ልነግራችሁ አልችልም፤ የማበዛውም የማካፍለውም የለኝም።